የኒር እግር እንዴት ሆነ?

ወንድሜ ኒር የሞተው ባለፈው ነሐሴ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጎንደር ያሉት የአባታችን ታላቅ ወንድም ጋሼ ውብነህ ግን አያውቁም ነበር። በእኛ በጎንደር አይሁዶች ዘንድ መርዶ በስልክም በወረቀትም አይነገርም፤ ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ፣ ሰው አሰባስቦ፣ በአፉ ነው የሚያረዳው። ለዚህ የተመረጡት እዚህ ረሖቮት የሰፈራችን የክፋር ግቢሮሉ ቄስ ገዳሙ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ታመው ከወንበር መነሣት አቅቷቸዋል። አባቴ፣ “ቄሱ እስኪሄዱ ድረስ አንተ ለጋሼ እንደ ልማድህ ጻፍላቸው” አለኝ። ጋሼ ውብነህ ስልክ ላይ ጆሯቸው አይሰማም፤ በልጆች ስልክ የሚላክላቸውን ጽሑፍ ደግሞ መንደሩ ሁሉ አንብቦት ነው የሚደርሳቸው። ስለዚህ በመንገደኛ እጅ እንጻጻፋለን። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ወጌሻነት ነው።

*

ጎንደር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኤሊሻ፤

የአባቶቻችን አምላክ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልኝ። እኔ ከጆሮዬና ከጥርሴ በቀር ሙሉ ነኝ፤ ስለ ሁለቱም አትጨነቅ፣ ለሥራዬ የሚያስፈልገኝ እጄ ነው።

ከሐምሌ ወዲህ ደብዳቤ ሳይመጣ ቀረ። ረሖቮት ላይ ወረቀት ተወደደ? በሐምሌ የኒር ቁርጭምጭሚት መሰበሩን ጽፈህልኝ፣ ወዲያው መልሼልህ ነበር። ጄሶው ሲፈታ ባቱ ደርቆ ታገኘዋለህ፤ ለጋ ቅቤ አሙቀህ ከታች ወደ ላይ እሸው፤ ቢጮህ አትተው፤ የወጌሻ ደመወዙ ጩኸት ነው ብዬህ ነበር። አደረግህለት? እግሩ እንዴት ሆነ?

እዚህ ሥራ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር ትከሻው ወልቆ መጣ። “ጋሼ፣ ሲመልሱት ይነግሩኛል አይደል?” አለኝ። “እንዴታ! እስከ ሦስት እቆጥራለሁ” አልሁት። “አንድ” ብዬ መለስሁት። በጩኸቱ ሰፈሩን አናግቶ ሲያበቃ፣ “ሁለትና ሦስትስ?” አለኝ። “ለሌላኛው ትከሻህ ይቀመጡልህ” አልሁት።

መንገደኛ ስታገኝ የሚለጠጠውን ፋሻ ላክልኝ። ከሁሉ በፊት ግን የኒርን እግር ጻፍልኝ።

አጎትህ ውብነህ

*

ረሖቮት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2025

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ውብነህ፤

እንደምን ከረሙ? ዕድሜዎን ያርዝምልን። አባቴና እናቴ እጅ ይነሣሉ።

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፣ ትምህርት በዝቶብኝ ነው። ኒር ደህና ነው። ጄሶው ተፈቷል። እንዳሉኝ አሽቼዋለሁ። ስድስት ጥቅል ፋሻ ልኬልዎታለሁ።

ልጅዎ ኤሊሻ

(ከዚህ በታች ያለውን ጽፌ ቀድጄ አስቀረሁት።)

“ኒር ደህና ነው” ብዬ ስጽፍ ምራቄ መረረኝ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ አንብቦ፣ በዕብራይስጥ “ቤሰደር”፣ መልካም ነው፣ ብሎ “ጎበዝ” አለኝ። ለውሸት ጎበዝ ሲባል የመጀመሪያዬ ነው።

ጄሶው ከተፈታ ከሳምንት በኋላ ባቱ አበጠ፤ አንደኛው ብቻ። ይሞቅ ነበር። ጡንቻው ሥራ ፈትቶ ከርሞ ነው የሚያመው አልን። ደብዳቤዎ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ አሸሁት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው ተነሥቶ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ወደቀ። ሐኪሞቹ የረጋ ደም ከባቱ ተነሥቶ ወደ ሳንባው ሄዷል አሉ። እግር ተሰብሮ ብዙ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ደም ሊረጋ ይችላል አሉን። አንድ ወጣት ሐኪም እኔን ለብቻዬ አስቀምጦ፣ “ባታሸውም ሊሄድ ይችል ነበር” አለኝ። “ሊሄድ ይችል ነበር” ማለት ምን ማለት ነው?

በልቅሶው ሰባት ቀን ቤታችን ሞልቶ ሰነበተ። ለጦር ሠራዊት ፈተና ልጆችን አሸዋ ላይ የሚያሠለጥናቸው ቶሜርም መጣ፤ የማሠልጠኛው ስም ደረቱ ላይ የታተመበት ካኒቴራ ለብሶ። “ኒር ብረት ነበር፤ እግሩ ተሰብሮ እንኳ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ ጨርሷል” ብሎ ለአባቴ በኩራት ነገረው። አባቴ ዕብራይስጡ ገብቶትም ሳይገባውም አመሰገነው። ቶሜር ከፊቱ የቀረበለትን ለውዝ እየፈለፈለ፣ ቅርፊቱን የኒር ፎቶ ሥር ያስቀምጥ ነበር። ተነሥቼ ቅርፊቱን ጠርጌ ጣልሁት።

ቅቤው አሁንም ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። እናቴ አትበላውም፣ አትጥለውም። እኔ እጄን በሰሐን ሳሙና እታጠባለሁ፤ ሽታው አይለቅም። በእርግጥ ሽታ የለም፤ እኔን ግን ይሸተኛል።

*

ጎንደር፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤሊሻ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ፋሻው ደርሷል። ጥሩ ነው፤ ከዚህ አገሩ ይልቃል። የስግድን ጾም ጾሜ የሁላችሁንም ስም ጠርቻለሁ፤ ለኒር ሁለቴ።

ደብዳቤህ ግን ምን ሆነ? ድሮ ወሬህ ከወረቀቱ ተርፎ በዳር በዳሩ እየዞረ አንገቴን ያጣምመኝ ነበር። አሁን እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ አራት መስመር! “ደህና ነው” ምንድን ነው? ደህና ለጎረቤት ይባላል። እኔ ወጌሻ ነኝ። ተረከዙን ይረግጣል? ደረጃ ሲወርድ ይዞ ነው ወይስ ለቆ? ጠዋት ያስረዋል?

እሱም ቢሆን እጁ አልተሰበረም፤ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። መጻፉን ረስቶ ከሆነ ቆሞ ፎቶ ይነሣና ላክልኝ፤ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ። የወጌሻ ልብ የሚያርፈው ያከመውን ሰው ቆሞ ሲያየው ነው። አንተን በወረቀት ልኬ ያሳሸሁት ስለሆነ፣ የእኔ በሽተኛ ነው።

አጎትህ ውብነህ

*

ረሖቮት፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2026

ለተከበሩት ጋሼ ውብነህ፤

ጤናዎን ያብዛልን። ዝም ስላልሁ አይቀየሙኝ። የኒርን ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ እንዳሉት ባዶ እግሩን ቆሟል። ለመጻፍ ጊዜ የለውም።

ስለ እኔ ልንገርዎ። በኅዳር ኒርን ካሠለጠነው ከቶሜር ልጆች ጋር አሸዋ ላይ መሮጥ ጀመርሁ፤ የሁለት ዓመት ትምህርት ቢቀረኝም ተቀበለኝ። ከሩጫ በፊት ሁልጊዜ፣ “የሚያመው ደካማውን ነው!” ብሎ ያስጮኸናል። ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ይጮኻል። እኔም ጮኼያለሁ። ያንን አፌን አሁን ሳስበው ይቀፈኛል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከምንም ተነሥቼ በቀን ዐሥር ኪሎ ሜትር ደረስሁ፤ ቅልጥሜ ያመኝ ጀመር፤ ዝም አልሁ።

ቄስ ገዳሙን ያስታውሷቸዋል? ከፋሲካ በፊት ወደ ጎንደር መምጣት ይፈልጋሉ፤ ጉልበታቸው ግን እንቢ ብሏቸዋል። ወደ ቁፓት ሖሊም፣ ማለትም ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ፣ ለማስተርጎም ይዣቸው ሄድሁ። ሊራዝ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየቻቸው። አብዝቶ መቀመጥ ጉልበትን ያደርቀዋል፣ የጭን ጡንቻ ሲደክም ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል አለች። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ አጭር መንገድ በየቀኑ መሄድ፤ ሕመሙ በማግስቱ ከባሰ መቀነስ፣ ካልባሰ ትንሽ መጨመር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ጋ እገባለሁ።

“ቄስ፣ ዐሥር ጊዜ ይነሡ።”

“ስንት ሆነ?”

“ሁለት።”

“ሁለትማ ለሰላምታም እነሣለሁ! አራት በለው።”

“ሁለት ነው፣ ቄስ።”

“ቁጥር ማን ነው ያስተማረህ?”

“ጋሼ ውብነህ።”

“እሱም እንዲሁ ችኮ ነበር” አሉና ተነሡ።

ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ሊራዝ እኔን ስታየኝ፣ “አንተስ ለምን ታነክሳለህ?” አለችኝ። “አላነክስም” አልሁ። “የሚያምህን በመዳፍህ አሳየኝ” አለች። በአንድ ጣቴ አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ። ሰፋ ብሎ የሚያም፣ ሲሞቅ የሚለቅ ሕመም ብዙ ጊዜ የጡንቻ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ በጣት የሚጠቆም፣ ተቀምጠህም የማይተው ከሆነ ግን አጥንት ሊሆን ይችላል አለችኝ። ራጅ ተነሥቼ ታየ፤ አጥንቴ በድግግሞሹ ብዛት እንደ ፀጉር ተሰንጥቋል። ስድስት ሳምንት ሩጫ የለም። እስከዚያ ዋና ይፈቀዳል፤ ስመለስም ከመራመድ ጀምሬ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እጨምራለሁ።

ለቶሜር ስነግረው፣ “ኒር ቢሆን…” ብሎ ጀመረ። ከፊቱ ዞሬ ሄድሁ።

ልጅዎ ኤሊሻ

*

ጎንደር፣ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኤሊሻ፤

ሰላም እልሃለሁ። ስለ ቅልጥምህ ያቺ ልጅ ያለችህን አድርግ። ዕውቀት አላት። በጣት የሚጠቆመውንና በመዳፍ የሚዳሰሰውን ሕመም እኔም እለያለሁ፤ ማንም ግን እንዲህ አሳጥሮ ነግሮኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ዓይኔ እንደ ጆሮዬ አይደለም። የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ቢድን እንኳ ዓመት ሙሉ ከወንድሙ ይወፍራል። በፎቶህ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። ባቶቹም እኩል ናቸው። ይህ እግር ተሰብሮ የማያውቅ እግር ነው። ከአምና በፊት የተነሣ ፎቶ ነው የላክህልኝ።

ለምን ታታልለኛለህ? እኔ ያስቆጠርሁህን ፊደል በእኔ ላይ ትዋሽበታለህ? እግሩ ተቆረጠ? ተቆርጦ ከሆነ ንገረኝ፤ ሰው በአንድ እግሩም ይኖራል። ወይስ የእኔ ማሳሸት አበላሸው? አርባ ዓመት በዚህ እጅ ሠርቻለሁ፤ ከልክ በላይ በጠበቀ የስብራት ማሰሪያ የጠቆረ እግርም አይቻለሁ፤ የእኔ ግን አልነበረም። ካበላሸሁ ማወቅ አለብኝ።

እጄ አለመክዳቷን በቅርቡ አያለሁ። የጎረቤቴ የካሣነሽ ልጅ ሐዳስ አራስ ናት፤ ሃያ አንድ ቀኗ ነው። አርባው እስኪሞላ ለብቻዋ ከምትቆይበት ከአራስ ጎጆው ብቅ ስትል ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሏት ተኝታ ሰነበተች። አሁን ባቷ አብጧል፤ አንደኛው ብቻ፤ ይሞቃል፤ ስትነካው ታለቅሳለች ትላለች ካሣነሽ። “ዛሬውኑ እሽልኝ” ብላ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። “አርባ ቀኗ ሳይሞላ የአራስ ደጃፍ አልረግጥም፤ ሕጉን ታውቂያለሽ” አልኋት። “ሕጉ ያበጠ እግር አይቶ ያውቃል?” ብላ ተቆጣችኝ። አርባዋ የካቲት 20 ይሞላል። ሰንበት ካለፈ በኋላ እሑድ ጠዋት፣ የካቲት 22፣ እጀምርላታለሁ። ለአንተ እንደ ጻፍሁልህ፣ በለጋ ቅቤ ከታች ወደ ላይ።

እውነቱን ጻፍልኝ።

ውብነህ

*

ረሖቮት፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2026

ጋሼ፤

ሰላምታውን ይለፉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ፤ አንድ ሳምንት ቀርቷል። የሐዳስን እግር አይሿት። እርስዎም፣ እናቷም፣ ማንም። ዛሬውኑ ተሸክመው ሆስፒታል ይውሰዷት። ወለምታ ላይሆን ይችላል፤ ባቷ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ አራስ የሆነችና ተኝታ የሰነበተች ሴት ላይ ይህ ይደርሳል፤ ሊራዝን ጠይቄ ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱ ካመመ በሐኪም ሳይታይ አይታሽም። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ደግሞ አንድ ደቂቃ አትቆይ።

እዚያው ሰፈርዎ ላለው ለጓደኛዬ ለሰይፉ ደውዬለት ነበር። “ለጋሼ ውብነህ የሐዳስን እግር አይንኩ በላቸው” አልሁት። “ኧረ ባክህ፣ አንተ ደግሞ በስንት ዓመትህ ወጌሻ ሆንህ?” ብሎ ሳቀብኝ። “ለምን ብለው ቢጠይቁኝስ?” አለ። ለምን እንደሆነ ለእሱ መናገር አልቻልሁም። ያለ ምክንያት ደግሞ እርስዎ የልጅ ወሬ እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቱን እጽፋለሁ።

ኒር ሞቷል።

ከነሐሴ ጀምሮ ሞቷል። “ደህና ነው” ብዬ ስጽፍልዎ ሞቶ ነበር። ፎቶውን ስመርጥ ሞቶ ነበር። አባቴ መርዶ በወረቀት አይላክም አለኝ፤ ቄስ ገዳሙ የሚመጡት ሊያረዱዎት ነው። እኔ ያን ሁሉ ቀን ጉልበታቸውን ሳሠራ የነበረው ለእሳቸው ጤና ብዬ አይደለም፤ ውሸቱ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ይህን ደብዳቤ አባቴ አላየውም። ካወቀ ቤቱን እንዳዋረድሁ ይቆጥረዋል።

እግሩ እንደ ሐዳስ ነበር። አንደኛው ባቱ፣ እብጠቱ፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም። ሦስት ቀን አሸሁት። በአራተኛው ቀን የረጋው ደም ሳንባው ገባ።

አንድ ለማንም ያልተናገርሁት አለ። በመጀመሪያው ቀን እየሳቀ፣ “እንደ አሮጊት ነው የምታሸው፣ በርታ” አለኝ። በሦስተኛው ቀን አልሳቀም። “ተው፣ ኤሊሻ፣ ይሄ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው” አለኝ። እኔ “የወጌሻ ደመወዙ ጩኸት ነው” ብዬ ቀለድሁበት። እግሩን በጉልበቴ ያዝሁት። ጥርሱን ነክሶ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ያን ቀልድ እጠላዋለሁ። ቅቤውን እጠላዋለሁ። ሰው ሲያመው “በርታ” የሚለውን ሁሉ፣ ቶሜርን፣ እርስዎን፣ ከሁሉ ይልቅ ራሴን እጠላዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄ አልሰርዘውም፤ መሰረዝ ሰልችቶኛል።

ይህንን ፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ላለችው ዘመዳችን ለአምሳለ እልክላታለሁ። አሳትማ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ ለጎንደር አውቶቡስ ትሰጣለች። ፖስታው ላይ “በእጁ ብቻ” ብላ ትጽፋለች። ከዘገየ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ኤሊሻ

*

ጎንደር፣ መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤሊሻ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ቃል ለመጻፍ ሰባት ወር ዘገየሁ፤ ያዘገየኝ ግን ልማዱ ነው፣ አንተ አይደለህም።

ደብዳቤህ ሐሙስ፣ የካቲት 19፣ ረፋድ ላይ ደረሰ። የአውቶቡሱ ረዳት፣ “በእጁ ብቻ ተብሏል፤ እጅዎን ያሳዩኝ” ብሎ ቀለደ። እንደ ቆምሁ አነበብሁት። ከዚያ በትሬን ይዤ ወደ ካሣነሽ ሄድሁ። የማልረግጠውን ደጃፍ ረገጥሁ፤ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

“ልጅቷን አውጧት፤ ሆስፒታል ነው የምንሄደው” አልሁ።

“ቅቤውን አዘጋጅቼ ስጠብቅህ? ፈራህ!” አለችኝ ካሣነሽ።

“አዎ፣ ፈርቻለሁ።”

“እሰይ! ውብነህ አረጀ በሉ!” ብላ ለሰፈሩ ጮኸች። ሐዳስን ግን ከነሕፃኗ ባጃጁ ላይ አወጣኋት። ያ ትከሻው የወለቀው ሹፌር ነው የወሰደን፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

በመሣሪያ አዩዋት፤ የረጋ ደም ነበር፤ ከጉልበቷ በላይ ደርሷል። ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛች፤ ደም የሚያቀጥን መርፌ ሰጧት። አሁን ቤቷ ናት፤ ክኒኑን ትውጣለች፤ በግቢው ውስጥ ትራመዳለች። ካሣነሽ እስካሁን አላመሰገነችኝም። አልፈልገውም።

መርዶህን ለማንም አልተናገርሁም። ብናገር አንተ ትዋረዳለህ፣ አባትህ ያፍራል። ሃያ ስድስት ቀን እየበላሁ፣ ለሰው ሰላምታ እየመለስሁ ተቀመጥሁ። ሰው ሁሉ፣ “ኒርስ እንዴት ነው?” ሲለኝ “ደህና ነው” አልሁ። ምራቄ መረረኝ፤ ያንን ቃል ስትጽፍልኝ አንተም ምን እንደ ቀመስህ ሳትነግረኝ ገባኝ።

መጋቢት 15 ሊነጋጋ ሲል ቄስ ገዳሙ ከስድስት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ዳገቱን ያለ ምርኩዝ ወጥተዋል። በሩን ስከፍት ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እንደማያውቅ ሰው፣ “ምነው በማለዳ?” ማለት ነበረብኝ፤ አልሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ አስመሰልሁ፤ ራሴን ተጸየፍሁ። ቄስ ገዳሙ ግን “ኒር” ሲሉ፣ ያዘጋጀሁት ጩኸት ሳይሆን ሌላ ነገር ከሆዴ ወጣ። ስሙን በሰው አፍ ከሞት ጋር ሰምቼው አላውቅም ነበርና። ወረቀት ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ያዙኝ። ሰው መያዙ ለካ ለዚህ ነው። አባትህን ስለዚህ አትጥላው፤ ስለ ውሸቱ ግን የፈለግኸውን አስብ።

ለአባትህ፣ ከሽማግሌዎቹ ሰማሁ ብዬ መልእክት ልኬለታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐዳስን ያከማትን ሐኪም ሲወጣ ጠብቄ ያዝሁት። ልጅ ነው፤ የኒርን ያህል ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ ይበልጣል። “እንዲህ ያለ እግር ታሽቶ ሰውየው ቢሞት፣ የገደለው ማሸቱ ነው?” አልሁት። “ሊያስነሣው ይችላል። ሳይነካም ይነሣል። በአንድ ሰው ላይ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም” አለኝ። ሽማግሌ ነው፣ ላባብለው ሊል ይችል ነበር። ስላላባበለኝ እጁን ሳምሁት።

እኔም አላባብልህም። አናውቅም፤ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። እኔን እንደ ጠላኸኝ ጽፈሃል፤ አትሰርዘው። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድምህ “ተው” ሲልህ የሰማኸው የእሱን ድምፅ አልነበረም። “ቢጮህ አትተው” ያልሁህ እኔ ነኝ።

አጎትህ ውብነህ